ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተመለስሁ

የመጽሔታችን አዘጋጆች «ከሕይወትህ የማትረሳውን አንድ ነገር ጻፍ» ባሉኝ ጊዜ የምጽፈውን ነገር ለማግኘት ብዙ አልተቸገርሁም፤ የተቸገርሁት ለመጻፍ በመፍራት ነው። ታሪኩ እኔን የሚያስመሰግን አይደለምና። ይሁን እንጂ አስቀድሜ አያቴን ባስፈቅዳቸው «ጻፈው፤ ውሃውንም እንዳትዘል» ስላሉኝ እነሆ እጽፋለሁ። የውሃው ነገር ምን እንደ ሆነ አንባቢ ቈይቶ ይደርስበታል።

ቤታችን በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው። ሰፈሩ የሸማኔዎች ሰፈር በመሆኑ አያቴ ጥጥ እየፈተሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ከቤታችን በላይ፣ በባሕር ዛፍ መካከል፣ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። መንገዱ ዐቀበት ነው፤ እኔ ሮጬ በዐሥር ደቂቃ እወጣዋለሁ፤ አያቴ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባቸው ነበር። ቢሆንም ዝናብም ሆነ ብርድ ሳይሉ በየማለዳው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ይወጣሉ፤ ተሳልመው ሲመለሱ እኛ ገና ከእንቅልፋችን እንነሣለን። በ2012 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ነበር። እኔ ደግሞ የ12 ዓመት ልጅ፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪ፣ በሰንበት ትምህርት ቤታችንም ከሕፃናት መዘምራን በፊተኛው ረድፍ የምቆም ነበርሁ። ድምፄ መልካም ነው ይሉኝ ስለ ነበር ይህ ጥቂት ኵራት አሳድሮብኝ ነበር።

በዚያው ዓመት መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰው ላይ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እኛ ተማሪዎችም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እጅግ ደስ አለን። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ካህናት ጽናቸውን ይዘው በከተማው ጐዳና እየዞሩ ሲያጥኑ፣ ሰውም በየደጁ ቆሞ ሲያማትብ አየን። ቀጥሎ ቅዱስ ሲኖዶስ ቅዳሴው በጥቂት አገልጋዮች ብቻ እንዲፈጸም፣ ምእመናንም በየቤታቸው እንዲጸልዩ ወሰነ። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእኛ ላይ ብቻ የመጣ ነገር አልነበረም፤ በኢየሩሳሌም የጌታችን የመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሩ መዘጋቱን በዜና ስንሰማ አያቴ «እዚያም?» አሉና ዝም አሉ።

አንድ ቅዳሴ ይቀደስ ዘንድ ቢያንስ አምስት አገልጋዮች፣ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ያስፈልጋሉ። እነዚያ አምስቱ ውስጥ ስለ ነበሩ የእኛዪቱ ማርያም በእውነቱ አልተዘጋችም፤ የተዘጋው እኛ የምንገባበት በር ነው። ሌሊት ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ የቃጭሉ ድምፅ እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። አያቴ ያን ጊዜ ከአልጋቸው ይነሡና በጨለማ ቆመው ያዳምጣሉ።

ቀን ቀን ግን ቤተ ክርስቲያናችን ቴሌቪዥን ሆነ። ከፍቼ የምሰጣቸው እኔ ነበርሁ። አያቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ሲደርሱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እናቴ «ይቀመጡ እንጂ» ብትላቸው «ቅዳሴ ተቀምጦ ይሰማል?» ይሉና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቆማሉ፤ ስገዱ ሲባል ይሰግዳሉ። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ሶፋው ላይ ተጋድሜ አስቀድስ ነበር፤ ይህ ማስቀደስ ከተባለ። ሚያዝያ 9 ቀን ስቅለት ሆነ። በሌላ ዓመት ማታ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባን መታ መታ እያደረጉ የሚሰገደውን ቍጥር ይነግራሉ፤ በዚያ ዓመት ግን አያቴ የሚነግራቸው ስላጡ ቍጥሩን ራሳቸው ወሰኑ። እናቴ እያለቀሰች እስክትለምናቸው ድረስ አላቆሙም። የፋሲካ ሌሊት ሁላችንም ነቅተን ከላይ የከበሮውን ድምፅ ሰማን፤ ከበሮው የጥቂት ሰዎች ከበሮ መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ጭብጨባና እልልታ አልተከተለውም።

ግንቦት 1 ቀን፣ በልደታ ዕለት፣ ጠዋት ስነሣ አያቴ የሉም። ወዴት እንደ ሄዱ ወዲያው ገባኝና ዐቀበቱን እየሮጥሁ ወጣሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ውጭ ዐሥር ያህል እናቶች ተራርቀው ቆመዋል። አያቴ ግንባራቸውን ከአጥሩ ድንጋይ ላይ አስደግፈው ነበር። እኔም በሰው ሁሉ ፊት «እምዬ፣ ሁላችንንም ሊጨርሱን ነው?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ድንጋዩን ሳሙት፤ ከዚያም አንዲት ቃል ሳይመልሱ ከኋላዬ ወረዱ።

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። በሽታው በአረጋውያን ላይ እንደሚከፋ የታወቀ ስለ ነበር መከልከሌን ዛሬም እንደ ጥፋት አልቈጥረውም። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ የሰባ ሰባት ዓመት እናትን በዚያ ቃል መናገሩ፣ ያውም በልደታ ቀን፣ ያውም በደጇ፣ ለበሽታው ሲባል ነበር ለማለት አልደፍርም። ትእዛዝ መስጠት ጣፍጦኝ ነበር።

አያቴ ከዚያን ዕለት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መጨረሻ ከግቢያችን አልወጡም። የለመደ እግር ሲቀመጥ ይተሳሰራል፤ ጕልበታቸው እየዛለ ሄደ። ክረምቱ አልፎ፣ የዐዋጁም ጊዜ አብቅቶ የማርያም በር ለሁሉ በተከፈተ ጊዜ አያቴ እስከ ውጭው በራችን ድረስ በምርኵዝ ሄዱና ዐቀበቱን ቀና ብለው ተመለከቱት። ብዙ ቆሙ። ተመልሰው ገብተው አንድ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አጥበው ሰጡኝና «እንግዲህ እግሬ አንተ ነህ» አሉኝ። በየእሑዱ አስቀድሼ፣ ስለ እርሳቸውም ተሳልሜ፣ ጠበሉን በጠርሙሱ፣ እምነቱን በወረቀት ጠቅልዬ እንዳመጣላቸው ነበር።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን እሑዶች በታማኝነት ሄድሁ። ግን የሄድሁበት ቤት የማውቀው ቤት አልመሰለኝም። በበሩ ላይ እጅ መታጠብ አለ፤ የሁሉም ፊት በማስክ የተሸፈነ ነው፤ ሰው ከሰው ይሸሻል፤ ካህኑ መስቀሉን ከሩቅ ያሳያሉ እንጂ አያሳልሙም። ከሁሉ የባሰው የራሴ ነገር ነበር። በተዘጋው ወራት ድምፄ ጎርንኖ ነበር። ከመዘምራኑ ጋር ቆሜ አፌን ብከፍት አንድ ጊዜ እንደ በሬ፣ አንድ ጊዜ እንደ ጫጩት ወጣ። ሁለት ልጃገረዶች በማስካቸው ውስጥ ሲስቁ በትከሻቸው ዐወቅሁ። መምህራችንም ምንም ክፋት ሳያስቡ «አንተ ለጊዜው ከኋላ ቁም» አሉኝ። አንባቢ ይስቅ ይሆናል፤ ለእኔ ግን በዚያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን የተባረርሁ ያህል ነበር።

መስከረም 24 ቀን እሑድ ጠርሙሴን ይዤ ስወጣ ከዐቀበቱ እኩሌታ ላይ የሰፈራችን ልጆች ኳስ ይዘው አገኙኝ። ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበርና ሥራችን ኳስ ብቻ ነበር። «አንድ ሰው ጐደለን» አሉኝ። ገባሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሲወርድ ባየሁ ጊዜ ደነገጥሁ፤ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ከሜዳው አጠገብ ቦኖ አለ። ከቦኖው ሞላሁት።

አያቴ እህል ሳይቀምሱ ይጠብቁኝ ነበር። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ በስመ አብ ብለው አማተቡ፤ ሦስት ጊዜ ተጐነጩ፤ በቀረው ፊታቸውንና ጕልበታቸውን አበሱ። «እምነቱስ?» ሲሉ «አልቋል አሉኝ» አልሁ። «ስብከቱ ስለ ምን ነበር?» ሲሉም በክረምት ሶፋው ላይ ተኝቼ የሰማሁትን አንዱን ስብከት አሳምሬ ነገርኋቸው። ቴሌቪዥኑ ለዚህ ጠቀመኝ። «ተባረክ» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ እንዲሁ አደረግሁ፤ በሚቀጥለውም። እስከ ጥቅምት 29 ቀን ድረስ ስድስት እሑድ ሆነ። ውሸት በመጀመሪያው ቀን ልብን ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ቀን ሥራ ይሆናል። እንዲያውም ኳሱ ሳይጀመር ጠርሙሱን አስቀድሜ መሙላት ጀመርሁ፤ ኋላ ወረፋ እንዳይበዛ።

በጥቅምት እኩሌታ ገደማ ግን ነገሩ ከቤታችን ወጣ። የጎረቤታችን የሁለት ዓመት ልጅ ትኵሳት ይዞት ሌሊቱን ሲያለቅስ ዐደረ። አያቴ «ጠበል አለኝ» ብለው ከጠርሙሱ በስኒ ቀድተው ሰጧት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ከቦኖ የተቀዳ፣ ያልፈላ ውሃ፣ በእኔ እጅ የመጣ፣ ወደ ታመመ ሕፃን አፍ ሲሄድ እያየሁ ዝም አልሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጁ ጤና ጣቢያ ተወስዶ መድኀኒት ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ዳነ። እናቱ ግን ትኵስ ዳቦ ይዛ መጥታ ስለ ጠበሉ አያቴን አመሰገነች። አያቴም ወደ እኔ እያመለከቱ «ደክሞ ያመጣው እርሱ ነው» አሏት። ዳቦው በአፌ ውስጥ ሲዞር ትዝ ይለኛል።

በዚያው ወር መጨረሻ በአገራችን ሰሜን ጦርነት ተጀመረና የአያቴ ጸሎት ረዘመ። ጠርሙሱም ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር፤ ከጸሎት በኋላ በየጊዜው ይጐነጩ ነበርና።

ኅዳር 12 ቀን ቅዳሜ ዋለ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ በከተማችንም «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ቀን ነው። ሰው ሁሉ ቈሻሻውን ከየግቢው ጠርጎ በየደጁ ያቃጥላል፤ ሰፈሩ በጢስ ይሞላል። እኔ እስከዚያን ጊዜ የጽዳት ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር። አያቴ በር ላይ በበርጩማቸው ተቀምጠው እየፈተሉ፣ እኔ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እያቃጠልሁ ሳለን የነገሩን መነሻ አጫወቱኝ።

በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለሙን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ኋላ በመጽሐፍ እንዳነበብሁት በከተማዪቱ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነው የዳኑት። ሕዝባችን «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው፤ ጢሱም የዚያ መታሰቢያ ነው። የአያቴ እናት ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። በቤታቸው ያለው ሰው ሁሉ ታሞ ተኝቶ፣ ቀባሪም አስታማሚም በጠፋበት ጊዜ፣ ስሙን የማያውቁት አንድ የቆሎ ተማሪ በየማለዳው ውሃ በቅል ሞልቶ ከደጃቸው አስቀምጦ ይሄድ ነበር። «እናቴ በዚያ ውሃ ተረፈች» አሉ አያቴ፤ «ልጁ አንድ ቀን ቀረ። ሞተም ኖረም አልታወቀም። እርሷ እስክትሞት ድረስ ውሃ ስትጠጣ ነፍሱን ይማር ትለው ነበር።»

እንዝርቱ ይሾራል። ጢሱ ዐይኔን አቃጠለው፤ ወይም ጢሱ እንደ ሆነ አስመሰልሁ።

«እምዬ፣ ውሃው ጠበል አልነበረም» አልሁ።

«የቱ ውሃ?»

«እኔ የማመጣልዎ። ስድስት እሑድ ሙሉ። ከቦኖ ነው።»

እንዝርቱ ቆመ። «ለሕፃኑ የሰጠሁትም?»

«እርሱም።»

ይቈጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቈጡ በተሻለኝ። ጥጡን ጠቅልለው አስቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጢሱን ይመለከቱ ጀመር። እስከ ማታ አላናገሩኝም። እናቴ «ምን ሆኑ?» ስትላቸው «ደክሞኝ ነው» አሉ። ሲመሽ ጠሩኝና ጠርሙሱን እንዳመጣ አዘዙኝ፤ የቀረውን ውሃ በደጃችን በተተከለው ጤና አዳም ላይ አፈሰሱት። «ለጎረቤታችን ሄደህ አንተው ትነግራታለህ፤ እኔ አልነግርልህም» አሉ። «ነገ ደግሞ ማርያም ደጅ እሄዳለሁ።»

«እግርዎስ እምዬ?»

«እግሬማ ዋሸኝ» አሉ፤ «እንግዲህ በገዛ እግሬ ልሂድ እንጂ።»

ለጎረቤታችን በዚያው ማታ ነገርኋት። «ያልፈላ ውሃ! ሆዱን ቢያመውስ?» ብላ እንደ ጮኸችብኝ ዛሬም አልረሳውም፤ እርሷም አልረሳችው፤ ሻይ በጋበዘችኝ ቍጥር «የፈላ ነው፣ አይዞህ» ትለኛለች።

እሑድ ኅዳር 13 ቀን ገና ሳይነጋ ተነሣን። እኔ በአንድ እጄ በርጩማውን፣ በሌላው አያቴን ይዣለሁ። በሩጫ ዐሥር ደቂቃ የሚፈጀውን መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ሄድነው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ዐረፍን፤ ቈጥሬዋለሁ። ባረፍን ቍጥር በርጩማውን አስቀምጣለሁ፤ ይቀመጣሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ወደ ከተማው መብራት ቍልቍል እናያለን። ከቦኖው አጠገብ ስንደርስ «ይኸው ነው?» አሉኝ። «አዎን» አልሁ። «ውሃውስ ጥሩ ነበር» አሉና ተነሡ። መሣቅ ይሁን ማልቀስ የሚገባኝ አላወቅሁም።

ከአጥሩ ስንደርስ ለመጨረሻ ጊዜ ዐረፍን። አያቴ ድንጋዮቹን በእጃቸው ሲዳስሱ ቈይተው አንዱን አገኙት። «እዚህ ላይ ነው የያዝኸኝ» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ እምዬ።»

«ለበሽታውስ ልክ ነበርህ» አሉ። ስለ ቀረው ነገር ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በበሩ አንድ ወጣት በጆግ ውሃ እያፈሰሰ አስታጠባቸው። «እኛ ድሮስ ሳንታጠብ ነበር የምንመጣ?» አሉት። መቃኑን መሳም ስለ ተከለከሉ በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን በማስካቸው ላይ ሳሙት። ከዚያ በሴቶች በኩል በርጩማቸውን አስቀምጬ እኔ ወደ ወንዶች በኩል ለብቻዬ ሄድሁ።

በመጽሐፈ ቅዳሴ ውስጥ ካህኑ የሚለው፣ ዲያቆኑ የሚለው፣ ሕዝቡም የሚለው በየፊደሉ ተለይቶ ተጽፏል። የሕዝቡ ድርሻ በሚነበብበት ስፍራ «ይ.ሕ» ይላል። በሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ከተማርሁ ቈይቻለሁ፤ ያ «ይ.ሕ» እኔንም እንደሚጨምር ግን አስቤበት አላውቅም ነበር። በቴሌቪዥን ፊት ያን ሁሉ ወር ስተኛ አንድ ጊዜ እንኳ አፌን ከፍቼ አልመለስሁም፤ ቴሌቪዥኑም አልጠበቀኝም፤ ብመልስም ባልመልስም ያልፋል። እዚህ ግን ካህኑ ብለው ሲያበቁ ጥቂት ዝምታ አለ። በዚያች ዝምታ ውስጥ ከአጠገቤ ያሉት ሽማግሌዎች በሻከረ ድምፅ መለሱ። እኔም በሻከረው ድምፄ መለስሁ። ማንም ዞሮ አላየኝም። ከእነርሱ ድምፅ ጋር ገጥሞ ነበር።

እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ዲያቆኑ ባዘዘ ጊዜ፣ እጅ መንካት አልተፈቀደምና፣ ከግራዬ የቆሙ አንድ አዛውንት ወደ እኔ ዞረው ዝቅ ብለው እጅ ነሡኝ። እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነኝ። ከእርሳቸው ይበልጥ ለማጐንበስ ስሞክር ነጠላዬ ወደቀ።

ከቅዳሴ በኋላ ጠርሙሱን ከጠበሉ ሞላሁት፤ አያቴም ቆመው እያዩ ነበር። ለንስሐ አባታችን የተናገርሁትንና እርሳቸው የሰጡኝን ቀኖና እዚህ አልጽፈውም። በየእሑዱ ለሰፈራችን መውጣት ለማይችሉ አረጋውያን ጠርሙስ የማመላልሰው ግን የቀኖናው ክፍል አይደለም፤ እንዲሁ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፤ በመጀመሪያ ሁለት ጠርሙስ ነበር፤ አሁን ሰባት ደርሷል፤ ከባድም ነው።

አሁን በ2018 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ድምፄ ጎርንኖ ቀርቷል፤ ከመዘምራኑም በመጨረሻው ረድፍ ከረጃጅሞቹ ጋር እቆማለሁ። አያቴ በታላላቅ በዓላት ብቻ፣ እኔና አባቴ ደግፈናቸው ይወጣሉ፤ በሌላው እሑድ ጠርሙሱን ይጠብቃሉ። በሰጠኋቸው ቍጥር ክዳኑን ከፍተው ያሸቱታል። ውሃ ደግሞ ምን ይሸታል? ከዚያ ከጠርሙሱ በላይ ዐይን ዐይኔን እያዩ «ከወዴት ነው?» ይሉኛል። «ከማርያም ነው እምዬ» እላለሁ። ጥቂት ያዩኛል፤ ያማትባሉ፤ ይጠጣሉ።